ሕፃን ሲያስል የቤቱ ሰው ሁሉ ሐኪም ስለ መሆኑ

ገና ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ምግብ የማያውቅ ጨቅላ ጉንፋን ይዞት ማሳል የጀመረ እንደ ሆነ፣ አያት ለጋ ቅቤ ታስውጠዋለች፤ ጎረቤት ጤና አዳም ጨምቃ ትመጣለች፤ ሌላዋ ማር ታልሰዋለች፤ ሳሉ የሰነበተ እንደ ሆነም እንጥሉ ወርዷልና ይቆረጥ የሚል መካሪ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ስለ መሆኑ ጥርጥር ባይኖረኝም፣ ሕፃኑን ከደዌው ይልቅ የሚጐዳው ፈውሱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ደግ የሚመስለው ቅቤው ነው፤ ነገር ግን እያለቀሰ በግድ ሲውጠው ወደ ሳንባው ሾልኮ ገብቶ ከጉንፋኑ የከፋ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ ሰውነትን የሚያዝል ብርቱ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋሲ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰጥም። እንጥልን መቁረጥ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር ለሳል አንዳች አይፈይድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ሕፃንን ቅቤ በማስዋጥም ሆነ እንጥሉን በመቁረጥ ለሞት ያደረሰ ሰው እንዲቀጣ ደንግጓል፤ ዳሩ ግን ሕግ የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ስለ ሆነ፣ ተስፋዬን የምጥለው ከዳኛው ይልቅ በእናቲቱ ዐይን ላይ ነው።

ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣ ነውና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አያሸንፈውም፤ የሳል ሽሮፕም ለጨቅላ አይገባም። አፍንጫው የታፈነ ሕፃን መጥባትና መተንፈስ በአንድነት ስለሚቸግረው፣ ጡት በጥቂት በጥቂቱ፣ ግን ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ከመጥባቱም አስቀድሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት ጨው አሟሙቶ አንድ ሁለት ጠብታ በአፍንጫው ማንጠባጠብ ይበቃል። ብርድ ይመታዋል በሚል ፍርሃት በር ተዘግቶበት በምድጃ ጭስ ውስጥ እንዲውል ማድረግ ግን ሳሉን ያባብሳል፤ የቡናውም ዕጣን ቢሆን፣ ደጋጎቹ እመቤቶች ይቅር ይበሉኝና፣ ለጊዜው ቢቀር ይሻላል።

ጭንቁ ያለው ጉንፋኑ ወደ ሳንባ ምች የተለወጠ እንደ ሆነ ለይቶ በማወቅ ላይ ነው። ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ሙሉ አንድ ደቂቃ እስትንፋሱን መቁጠር ይገባል፤ ሁለት ወር ያልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሌሊት ነው ሳይሉ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ደረቱ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ጡት እንቢ ያለ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ወይም ሁለት ወር ሳይሞላው ሰውነቱ ያተኮሰ ወይም የቀዘቀዘ ሕፃንማ ቈጠራም አያስፈልገውም።

ይህን ቈጠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቁታል፤ በቤት ውስጥ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት ስለሚመጡ፣ በእነዚህ ቀኖች እናቲቱ ብቻ ሳትሆን ቅቤውን የያዘችው አያትም ተጠርታ፣ ሁለቱም በእጅ ስልካቸው ሰዓት እየተመለከቱ የገዛ ልጃቸውን እስትንፋስ ቢቈጥሩ፣ መንግሥትን የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።