ፍርዱ ቢታገድ፣ ወንበሩስ?

በወንጀል ጥፋተኛ የተባለ የከተማ ምክር ቤት አባል ይግባኝ ጠይቆ ፍርዱ ቢታገድለት ሥራውን ይቀጥል ወይስ ገለል ይበል? በቶርንክሊፍ ፓርክ የሚኖሩ ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ገለል ይበል

ኦቨርሊ ጎዳና ላይ የከተማው ምክር ቤት ስም የሚነሳው የፎቁ ሊፍት ሲበላሽ፣ ኪራይ ሲጨምር ወይም ስለ ኦንታሪዮ ላይን የባቡር ማደሪያ ሲወራ ነው። ቶሮንቶ በ2018 የምክር ቤት አባላቷ ከ44 ወደ 25 ስለተቀነሱ፣ በዶን ቫሊ ዌስት ለሊሳይድ ባለቪላዎችም ለእኛ ለፎቅ ነዋሪዎችም የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አጭበርብሯል ተብሎ ቢፈረድበት፣ በማግስቱ ስለ በጀታችን እጁን ሲያወጣ ማየት አልፈልግም።

የኦንታሪዮ ሕግ ግን ወንበር የሚያስለቅቀው በእስር ነው። በማረሚያ ቤት የእስር ቅጣቱን እየፈጸመ ያለ ሰው መመረጥም በምክር ቤት አባልነት መቆየትም አይችልም። ጥፋተኛ ተብሎ ቤቱ የተቀመጠ ግን ይችላል። የለንደን ኦንታሪዮ ከንቲባ የነበሩት ጆ ፎንታና ጁን 13፣ 2014 በማጭበርበር፣ ሰነድ በማስመሰልና የሕዝብን አመኔታ በማጉደል ጥፋተኛ ተባሉ። የፌዴራል ሚኒስትር ሳሉ ለልጃቸው ሠርግ 1,700 ዶላር ከመንግሥት ገንዘብ አስከፍለው ነበር። ሕጉ ይልቀቁ አላላቸውም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። በኋላ የተወሰነባቸውም የ4 ወር የቤት ውስጥ እስር ነው። አልለቅም ቢሉስ ኖሮ? የከተማው ሕዝብ ከነፍርዱ ይዟቸው ይቆይ ነበር።

እግዱም መታየት ያለበት እንዲሁ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሰውየውን በዋስ ሲለቀው ወይም ቅጣቱን ሲያግድለት አልበደለም ማለቱ አይደለም፤ ይግባኙ እስኪሰማ ቅጣቱ ይቆይ ማለቱ ነው። ነጻ ሆኖ የመገመት መብት ምስክር ተሰምቶ፣ ማስረጃ ተመርምሮ ፍርድ ሲሰጥ ያበቃል። ከህንድ የመጡ ጎረቤቶቻችን ይህን ልዩነት አሳምረው ያውቁታል። በአገራቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት የሕዝብ እንደራሴ ወንበሩን ያጣል። ቅጣቱ ስለታገደ ብቻም ወንበሩ አይመለስለትም፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው ራሱ መታገድ አለበት፣ ያም የሚሰጠው እጅግ በተለየ ምክንያት ነው። ቀድሞ ይግባኝ ያቀረበ እንደራሴ ይግባኙ እስኪወሰን ባለበት እንዲቆይ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበራቸው። ለተራው ዕጩ ያልተሰጠ መብት ለተመራጩ ብቻ ሊሰጥ አይገባም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2013 ሰረዘው።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2022 ሕጓን አሻሽላ፣ ተከሳሹ አባል ደመወዙ ሳይቋረጥ ፈቃድ እንዲወጣ፣ በከባድ ወንጀል ጥፋተኛ ሲባል ደግሞ የቅጣት ውሳኔ ሳይጠበቅ ወንበሩን እንዲያጣ አድርጋለች። እኔ ከዚያ ያነሰ ነው የምጠይቀው። እግድ ያገኘው ሰው ደመወዙን ይብላ፣ ጠበቃውን ያማክር፣ ይግባኙ እስኪያልቅ ግን ድምፅ አይስጥ።

እግዱ ይከበር

እህቴ፣ ስለ ፎንታና የጻፍሽው ልክ ነው። የራሳችንን ከተማ ታሪክ ግን ዘለልሽው። የቀድሞው ከንቲባችን የሮብ ፎርድ ጉዳይ የጥቅም ግጭት እንጂ የወንጀል ክስ አልነበረም። ሆኖም የታገደ ፍርድና የተመራጭ ወንበር እንዴት እንደሚገናኙ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳየን የለም።

ከንቲባው ለወጣቶች ፉትቦል ባቋቋሙት በጎ አድራጎት ስም ከሎቢስቶች የተቀበሉትን 3,150 ዶላር እንዲመልሱ ምክር ቤቱ ወስኖባቸው ነበር። ፌብሯሪ 7፣ 2012 ጉዳዩ ዳግም ሲነሳ ስለ ራሳቸው ተናገሩ፣ ድምፅም ሰጡ። ኖቬምበር 26 ዳኛ ቻርልስ ሃክላንድ ከሥልጣን ይነሱ ብለው ፈረዱ፤ የያኔው ሕግ ለዳኛው ቀለል ያለ ቅጣት አልተወላቸውም። ዲሴምበር 5 ዳኛ ግላዲስ ፓርዱ ውሳኔውን አገዱት። ጃንዋሪ 25፣ 2013 ሦስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ሻሩት። ምክር ቤቱ መጀመሪያውኑ ገንዘቡን መልሱ የማለት ሥልጣን አልነበረውም አሉ።

እግዱ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? ወይ ሌላ ከንቲባ ይሾማል ወይ ማሟያ ምርጫ ይጠራል። በጃንዋሪ መጨረሻ የፎርድ ፍርድ ሲሻር ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። ለፎርድ ጠባይ ጥብቅና አልቆምም፤ በዚያው ዓመት የወጣውን ጉድ ይህ ከተማ አይቶታል። እኔ የምሟገተው ለመረጣቸው ሕዝብ ነው፤ ምርጫው በኋላ በሚሻር ፍርድ ሊነጠቅበት አይገባም።

የህንዱንም ግማሹን ነው የነገርሽን። የፓርላማ አባሉ ራሁል ጋንዲ ማርች 23፣ 2023 በስም ማጥፋት ልክ 2 ዓመት ተፈረደባቸው። አንዲት ቀን ብታንስ ወንበራቸውን አያጡም ነበር፤ በማግስቱ አጡት። ኦገስት 4 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሲያግድ፣ የሥር ዳኛው የመጨረሻውን ከፍተኛ ቅጣት ለምን እንደመረጠ ምክንያት አልሰጠም አለ። ኦገስት 7 ወደ ፓርላማ ተመለሱ። እስከዚያ ግን የዋያናድ መራጮች ከአራት ወር በላይ ያለ እንደራሴ ቆይተዋል።

ደግሞ እኛ ከየት እንደመጣን አንርሳ። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ለከንቲባነት የመረጣቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከሌሎቹ መሪዎች ጋር በ1998 ታሰሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 በይቅርታ ወጡ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ባለአደራ አስተዳደር እጅ ነበረች፤ በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ምክር ቤቱን ገዥው ኢሕአዴግ ወሰደው። እስረኞቹ ከቃሊቲ ተፈቱ። የአዲስ አበባ ሕዝብ የሰጠው ድምፅ ግን እንደወጣ ቀረ። ፍርድ ቤት ተመራጭን በቀላሉ የሚያስነሳበት ሕግ በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም፤ ይህን ካየን ሰዎች ሌላው ካናዳዊ መስማት አለበት።

ወረዳችንስ? በሜይ 2024 ተወካያችን ጄይ ሮቢንሰን አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሬቸል ቸርኖስ ሊን ኖቬምበር 4 በማሟያ ምርጫ እስኪተኩ ድረስ ሰፈሩ ያለ ተመራጭ ከረመ። ያ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። አንቺ የምትይው ከነደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ ግን ያንኑ ባዶ ወንበር በሕግ ያመጣብናል፤ ይግባኝ ደግሞ አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል።

ለጋሼ መልስ

ጋሼ፣ የአዲስ አበባውን ሐዘን ከእርስዎ ጋር አዝናለሁ። ነገር ግን የ1997ቱ ወንበሮች የጠፉት በፍርድ አይደለም። ቅንጅት ምክር ቤቱን አልረከብም ብሎ ነበር፤ ባለአደራው አስተዳደርም የተሾመው ከፍርዱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ለእኔ የሚሻለው ምሳሌ የ2013 ዓ.ም. ምርጫ ነው። አቶ እስክንድር ነጋና የባልደራስ ፓርቲ ባልደረቦቻቸው እስር ቤት ሳሉ በዕጩነት እንዲመዘገቡ ሰበር ሰሚ ችሎቱ በግንቦት ወሰነ። ምርጫ ቦርድም መዘገባቸው፤ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ተፈርዶባቸው፣ በይቅርታ ወጥተው፣ ይቅርታው ተነጥቆ ዳግም የታሰሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። በውሳኔው ደስ ብሎኛል፤ እነ እስክንድር ተከሰሱ እንጂ አልተፈረደባቸውም ነበርና። እኔ የማሰምረው መስመር እዚያው ላይ ነው።

የፎርድም እንዲሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ፍርድ ነበር። በወንጀል ግን ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። በዚህ ሚዛን ተመዝኖ ጥፋተኛ የተባለን ሰው በጥቅም ግጭት ከተከሰሰ ከንቲባ ጋር አንድ ማድረግ ለአጭበርባሪው መጠጊያ መስጠት ነው። ባዶ ወንበር ይጎዳናል፤ አልክድም። በሌባ እጅ የሚወሰን በጀት ግን የበለጠ ይጎዳናል።

የመጨረሻ ቃል

እህቴ፣ ስለ ቅንጅት ያስታወስሽው እውነት ነው፤ ስለ ማስረጃው ክብደትም አልከራከርሽም። ግን ያመሰገንሽው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሕግ ያሰመርሽውን መስመር አልፎ ሄዷል፤ ገና የተከሰሰውንም ያስወጣል። በዚያው ክፍለ ሀገር የሰሪ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ዳግ ማካለም በዲሴምበር 2021 ተከሰሱ፣ ኦክቶበር 2022 በምርጫ ተሸነፉ፣ በኖቬምበር ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። አዲሱ ሕግ ቀድሞ ቢደርስባቸው ኖሮ ለወራት ያለ ጥፋታቸው ከሥራ ይርቁ ነበር።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 123 ጥፋተኛውን የመምረጥና የመመረጥ መብቱን ለመንፈግ ለዳኛው ሥልጣን ይሰጣል እንጂ በራሱ አይሽረውም። ኦንታሪዮም ይህን ትውሰድ። እግዱን የሚሰጠው ዳኛ የወንበሩን ጉዳይ ለብቻው ይመርምር፤ የወንጀሉን ዓይነት፣ የይግባኙን ተስፋ፣ የመራጩን ጉዳት አይቶ ይቀመጥ ወይም ገለል ይበል ብሎ ምክንያቱን ይጻፍ። ዳኛው ካላስወጣው ግን ሥራውን ይሥራ።

በአንድ ነገር ተስማምተናል፤ ዛሬ ያለው ሕግ ሁለታችንንም አያረካም። የሚያሻሽለውም የከተማው ምክር ቤት ሳይሆን ኩዊንስ ፓርክ ያለው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ነው። የቶርንክሊፍ አንባቢ ሆይ፣ ከሁለታችን የአንዳችንን ሐሳብ ያዝና እዚያ ላለው እንደራሴህ ጻፍ።