ወጣቱን ከጽንፈኝነት የሚጠብቀው የትኛው ትምህርት ነው?

የሀገራችን ወጣት በጎሣ፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ ስም በወንድሙ ላይ ሲነሣ ባየን ቁጥር፣ በየሸንጎውና በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ባይማር ነው፤ ቢማር ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር» የሚል ነው። ይህ ቃል ከበጎ ልቡና የሚወጣ፣ ግማሽ እውነትም ያለበት በመሆኑ፣ የሰማው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይቀበለዋል። ዳሩ ግን ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር የሚወድ ሰው የቀረው ግማሽ ይበልጥ ሊያስፈራው ይገባል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ በወሰንና በከብት ተጣልቶ፣ ደምም ተቃብቶ፣ መልሶ በሽማግሌ ተማልዶ ሲታረቅ ኖሯል፤ ዓይቶት የማያውቀውን ሰው በሐሳብ ብቻ ጠልቶ፣ ጥላቻውንም በመግለጫና በፕሮግራም አስጊጦ ለመግደል የሚያበቃው ዝግጅት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከተማረው ሰው ዘንድ ነው።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ የአልሸባብ ታጣቂዎች በጋሪሳ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው 148 ሰዎችን፣ አብዛኞቹንም ገና በማለዳ ከመኝታቸው ያልራቁ ተማሪዎችን፣ በገደሉ ጊዜ፣ ከገዳዮቹ አንዱ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የተመረቀ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ግራ ቀኙን ሳይሰሙ መፍረድን ከሁሉ አብልጦ የሚከለክለውን ትምህርት ፈጽሞ የወጣ ሰው፣ እኩዮቹን በሃይማኖታቸው እየለየ ከሚገድሉት ወገን ተሰለፈ ማለት ነው። ዲዬጎ ጋምቤታና ስቴፈን ኸርቶግ የተባሉ ሁለት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእስልምና ስም በሚነሡ የዓመፅ ቡድኖች ውስጥ የምሕንድስና ምሩቃን በሕዝቡ መካከል ካላቸው ድርሻ እጅግ በልጠው መገኘታቸውን አሳይተዋል። ለዚህም ከሰጡት ምክንያት አንዱ ከምርቃት በኋላ የተጠበቀው ኑሮና ክብር መቅረቱ ሲሆን፣ ሌላው ለጥያቄ ሁሉ ቁርጥ ያለ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖር የሚመኝ የአእምሮ ጠባይ ነው። ይህን ስል ምሕንድስናን ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያው መጽሐፍ እንደ ተገለጠው፣ የግራ ክንፍ ዓመፀኞች በብዛት የወጡት ከሌላው የትምህርት ክፍል ነውና።

የራሳችን ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ቀጥሎም በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ፣ በውስጡ የተሰበሰቡት ወጣቶች ከሀገሪቱ ሁሉ ተመርጠው የመጡ፣ በማስተዋላቸው የታወቁ ልጆች ነበሩ። በየዓመቱ በኮሌጁ በዓል፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር፣ የድሀውን ብሶት በግጥም ያሰሙ ነበር፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም የራሳቸው እርሻ ተወስዶባቸው ሳይሆን እነርሱ ያላረሱትን መሬት የሚያርሰው ሰው ሰቆቃ ስላቃጠላቸው ነው። በ1967 ዓ.ም. 60000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲወርዱም ከብዙዎቹ ልብ ውስጥ የነበረው ፍቅር ሐሰት አልነበረም። እንግዲህ ይህን የመሰለ ትውልድ፣ ሀገሪቱ እስከዚያ ዘመን ካፈራችው ሁሉ ይበልጥ የተማረው ትውልድ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እርስ በርሱ መገዳደሉን ምን ብለን እንተርጉመው?

ከሁሉ በላይ ተጠያቂው እስር ቤቱንና ጥይቱን በእጁ ይዞ ቀይ ሽብርን በሕዝብ ላይ ያወጀው ደርግ መሆኑ የማያከራክር ነው፤ በመስቀል አደባባይ የቆመው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ይህንኑ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ከዚያው ትውልድ የወጡት ሁለቱ የፖለቲካ ድርጅቶች፣ በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ የተመሠረተው መኢሶንና በ1964 ዓ.ም. በበርሊን የተመሠረተው ኢሕአፓ፣ ያነበቧቸው መጻሕፍት አንድ፣ የሚምሉባቸው መምህራን አንድ፣ የሚመኙት ሶሻሊዝም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ወታደሩን እየተቹ መደገፍ ይገባል ወይስ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት በአስቸኳይ ይቋቋም በሚለው ጥያቄ ተለያይተው፣ አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አንዱ ሌላውን «አናርኪስት» እያለ ደም እስከ መፋሰስ ደረሱ። እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያን ወጣቶች ያጠፋቸው የመጽሐፍ ማነስ አልነበረም፤ ጥፋታቸው ያነበቡትን መጽሐፍ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊተረጉመው እንደሚችል፣ በሌላ መንገድ የተረጎመውም ሰው ሀገሩን እንደ እነርሱ ሊወድ እንደሚችል የሚያስረዳ ልማድ ከክፍላቸው አለመማራቸው ነው።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። በሕንፃና በመቀመጫ ብዛት ቢሆን ኖሮ ጽንፈኝነት ከእኛ ዘንድ በጠፋ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣ ጠብ ሲሞቱ፣ ነገሩም ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ልጆቻችን በአንድ ዶርም አድረው፣ ከአንድ ካፌ በልተው፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አጥንተው እንኳ አንዱ የሌላውን ቃል መስማት እንዳልተማሩ በገሃድ ታየ። ወላጆችም ልጆቻቸው ከቅያቸው ርቀው እንዳይመደቡ ይለምኑ ጀመር፤ ልመናቸውን ማን ሊነቅፈው ይችላል?

ከዚህ የደረስነው በአንድ ሌሊት አይደለም። ተማሪው ከታች ጀምሮ ምን ሲማር እንደ ኖረ እንመልከት። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፕላዝማ በተባለው ቴሌቪዥን፣ በደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀና በእንግሊዝኛ በሚነገር ትምህርት ይመሩ ነበር። መስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪው ቢገባው ባይገባው ሳይጠይቅ፣ ቢጠየቅም ሳይሰማ ይነጉዳል፤ በክፍሉ የቆመው የሀገሩ መምህርም በቀረችው ጥቂት ደቂቃ የተበተነውን ከመልቀም በቀር ሥልጣን አልነበረውም። የሚናገረውን ድምፅ አቋርጦ «እንዴት?» ለማለት የማይቻልበት ክፍል ለወጣት ልቡና ምን ዓይነት ተግሣጽ እንደሚሆን ያን ጊዜ ብዙ ሰው አላሰበበትም። ያ ሥርዓት ቢቀርም ጠባዩ አልቀረም። ዛሬ ተማሪው በእጁ ከያዘው ስልክ የሚሰማውን የቁጣ ስብከት የሚቀበለው ያንኑ በመሰለ ዝምታ ነው።

ፈተናውም እንዲሁ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት 12 ዓመት ተምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው፣ በብሔራዊው ፈተና አንድ ገጽ እንኳ የራሱን ሐሳብ በራሱ ቃል እንዲጽፍ ሳይጠየቅ፣ ከቀረቡለት መልሶች መካከል አንዱን በእርሳስ እያጠቆረ ነው። አንዱ መልስ እውነት ነው፤ የቀሩት ሐሰት ናቸው፤ በመካከላቸው ክርክር የለም። በሒሳብ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ በታሪክና በሥነ ዜጋ ግን ይህን ሥርዓት ዓመት ከዓመት የለመደ አእምሮ፣ አንድ ሰባኪ ወይም አንድ አንቀሳቃሽ መጥቶ «ለመከራህ ምክንያቱ አንድ ነው፤ እርሱም ያ ሕዝብ ነው» ሲለው፣ የቀረበለትን መልስ ለማጥቆር የተዘጋጀ ሆኖ ይገኛል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተገለጠ ጊዜ ሀገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ መደንገጡም ትክክል ነበር። እኔን ግን የወደቁት ብቻ ሳይሆኑ ያለፉትም አሳስበውኛል፤ እነርሱም ቢሆኑ ያለፉት በዚያው የማጥቆር ጥበብ ነውና።

የሚያሳዝነው፣ የተለየውን ትምህርት ከባሕር ማዶ ማምጣት የማያስፈልገን መሆኑ ነው። በአብነት ትምህርት ቤታችን ዜማውንና ቅኔውን ጨርሶ ወደ መጻሕፍት ቤት የደረሰ ተማሪ በጉባኤው ዙሪያ ሲቀመጥ፣ አንዱ ንባቡን ያነባል፤ መምህሩም ኃይለ ቃሉን ይዘው የመጀመሪያውን ትርጓሜ ይሰጣሉ። ከዚያም «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግመው «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ። እነዚህ ትርጓሜዎች ሁልጊዜ የሚስማሙ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን የሚነቅልበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጉባኤ፣ ከአንድ መምህር አፍ፣ በእኩል ጥንቃቄ ይነገራሉ፤ ተማሪውም የወደደውን ብቻ ሳይሆን ያልወደደውንም በቃሉ ይዞ፣ ሲጠየቅ ሳያዛባ መመለስ ግዴታው ነው። በጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት ተብለው የተለዩት የትርጓሜ ወገኖች በብዙ ነገር ሲለያዩ፣ ደንበኛ ሊቅ የሚባለው የራሱን ቤት ይዞ የሌላውንም ቤት አጥርቶ የሚያውቀው ነበር። የማይቀበሉትን ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ «አዎን፣ እንዲህ ነው ያልሁት» እስኪል ድረስ አስተካክሎ መናገር መቻል፣ ለጽንፈኝነት ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት እኔ አላውቅም፤ ሲነገርም አልሰማሁም።

የተማሪው ኑሮም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። የቆሎ ተማሪው ከእናቱ ቤት ኮብልሎ ቅኔውን ፍለጋ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ ሲሄድ፣ ዘመድ በሌለው ሀገር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በማያውቀው ሰው ደጅ ይቆማል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ የማያውቀው ሰውም ቁራሽ ይሰጠዋል። በወሎ የእስልምና ትምህርት መንደሮችም ደረሳው ከጅማ፣ ከሐረርና ከሌላም ሩቅ ሀገር መጥቶ በሸኹ ሐሪማ ይሰበሰብ፣ በመንደሩ ሰው ችሮታ ይኖር፣ በፊቅህም (በእስልምና ሕግ ትምህርት) የሻፊዒና የሐነፊ መንገዶች ሁለቱም በአንድ ሀገር በክብር ሲኖሩ ያይ ነበር። የማያውቀው ጎሣ እንጀራ ያሳደገው ልጅ፣ ያ ጎሣ ጠላትህ ነው ሲባል ሆዱ ራሱ ይከራከርለታል።

ይህን የምለው ያለፈውን ዘመን ከነውር ሁሉ ለማንጻት አይደለም። በሃይማኖት ጉዳይ በጸጋና በቅባት የተነሣው ክርክር በጎንደር ዘመን ደም ማፋሰሱ፣ በ1870 ዓ.ም. የተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤም ለወሎ ሙስሊሞች የግፍ መጀመሪያ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። በአብነት ትምህርት ቤቱም ከሥር ያለው ተማሪ በዱላ እየተቀጣ የመምህሩን ቃል በቃሉ ከመያዝ በቀር ለብዙ ዓመት ጥያቄ አይፈቀድለትም ነበር፤ ከመጻሕፍት ቤት የሚደርሱትም ጥቂቶች ነበሩ፤ ሴቶች ልጆች ከዚህ ሁሉ ርቀው ኖሩ። እኔ የምመኘው ቤቱን እንዳለ መመለስ ሳይሆን፣ ለጥቂቶች ብቻ ይደርስ የነበረውን ያን አንድ ልማድ ለሁሉም ልጅ ማድረስ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ ሎጂክና የምክንያታዊ አስተሳሰብ ትምህርት፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክም መግባታቸው በጎ ጅምር ነው። ዳሩ ግን ጢሙን ለማብቀል የደረሰ ወጣት ልቡናው በብዙ ነገር ተቀርጾ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ይህ ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ መሰጠት ነበረበት። የታሪኩ ትምህርት በተለይ ብዙ ክርክር ማስነሣቱን እናስታውሳለን። የተከራካሪዎቹ ሁሉ ምኞት የየራሳቸው ትርጓሜ ብቻ ተጽፎ የሌላው እንዲቀር ነበር፤ እኔ ግን የሚሻለው መጽሐፉ ሁለቱንም ምስክር ጎን ለጎን አቅርቦ፣ ስለ አንድ ጦርነት ወይም ስለ አንድ ንጉሥ የድል አድራጊውን ዜና መዋዕልና የተሸናፊውን ወገን የቃል ትውፊት አስነብቦ፣ ተማሪው በሁለት ገጽ እንዲመዝን መጠየቅ ነው እላለሁ። ይህ ሀገር ያፈርሳል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ልጁ ሁለተኛውን ምስክር በመምህሩ ፊት በተግሣጽ ካልሰማው፣ ነገ በስልኩ ላይ በእርግማን ታጅቦ ይሰማዋል።

ለብዙ መቶ ሺህ ተፈታኝ የጽሑፍ መልስ ማረም አይቻልም የሚለው መቃወሚያ እውነት አለበት። ስለዚህ በብሔራዊው ፈተና ባይሆን እንኳ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጠው ውጤት ላይ፣ ተማሪው የማይስማማበትን ሐሳብ አጥርቶ የሚጽፍበትና በቃል የሚከራከርበት ክፍል ቢኖር፣ መምህሩና ክፍሉ ተያይተው ሊመዝኑት ይችላሉ። ሥራ ያጣ ምሩቅ በረኃብና በውርደት ሲመረር ይህ ብቻውን እንደማያቆመው አውቃለሁ፤ እንጀራውን የሚሰጠው ሌላ ክፍል ነው፤ ምሬቱን ወዴት እንደሚያፈሰው ግን አብዛኛውን የሚወስነው በክፍል የተማረው ነው።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው በመምህሩ ትከሻ ላይ ነው። ደመወዙ ወሩን የማያደርሰው፣ ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀበት፣ ከሁሉም ይበልጥ በአንድ ወገን ካድሬውን በሌላው ወገን የጎበዝ አለቃውን የሚፈራው መምህር፣ ሁለተኛውን ትርጓሜ ለመናገር አፉን ሲከፍት የሚያስበው ስለ ልጆቹ ነው። ሁለቱንም ወገን በክፍሉ በማሰማቱ ከሥራው እንደማይነሣ፣ ከወረዳ ወረዳም በቅጣት እንደማይዛወር በጽሑፍ የሚያረጋግጥ ደንብ ትምህርት ሚኒስቴር ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት አውጥቶ ለየክልሉ ትምህርት ቢሮ ሊያስተላልፍ ይገባዋል፤ ደንቡ በተጣሰበት ወረዳም መምህሩ አቤት የሚልበት፣ ከወረዳው አስተዳደር ነፃ የሆነ አካል አብሮ መቋቋም አለበት።