የተማሪ ድካም በከንቱ አይቅር

በአሜሪካ አገር የድኻውና የስደተኛው ልጅ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ከሚገባባቸው በሮች ሰፊው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው ከሌላው ያነሰ፤ ለቤቱም የቀረበ ነውና። በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የጆሊየት ኮሌጅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ያስተምራል። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ልጆችም በዚሁ በር የሚገቡ አሉ።

ተማሪው 60 ያህል ክሬዲት ይዞ፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚፈለገውን 120 ለመሙላት ወደ ዲዛይን ትምህርት ቤት ሲሻገር ግን ችግር ይገጥመዋል። የታሪክና የቋንቋ ትምህርቱ ቢቆጠርለትም፤ የሥዕልና የዲዛይን ሥራው ዳግመኛ ይመዘናል። ይህም የእጅ ሥራ ትምህርት አንዱ ባንዱ ላይ የሚታነጽ ስለ ሆነ፤ ሁለት ዓመት የደከመው ልጅ ከጀማሪዎች ጋራ ሊቀመጥ ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፤ ከ2004 እስከ 2009 ዓ.ም. ትምህርት ቤት የለወጡ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 በመቶ ያህል እንዳጡ ገምቷል። ይህ ጥፋት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የወጣትነት ዕድሜም ነው።

የዲዛይን ትምህርት ቤቶች ምክንያት ከንቱ ነው አንልም፤ ወረቀት የእጅን ችሎታ አይናገርምና። ነገር ግን ሥራውን መርምሮ መወሰን አንድ ነገር ነው፤ የመጣበትን ቤት ስም አይቶ መናቅ ሌላ ነው። በአገራችን የቅኔ ተማሪ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ቢሻገር፤ መምህሩ አስቀድመው ቅኔውን ይሰሙታል፤ መወድስ መሙላቱን በጆሯቸው ካረጋገጡ በኋላ እንደ ገና ጉባኤ ቃና ቍጠር ቢሉት ፍርድ ተጓደለ ይባላል።

ለዚህ መድኀኒቱ የታወቀ ነው። በፍሎሪዳ ግዛት በመንግሥት ኮሌጆች የሚሰጡ ተመሳሳይ ትምህርቶች አንድ ቍጥር ይይዛሉ፤ ተቀባዩም የመንግሥት ትምህርት ቤት አብዛኞቹን ይቆጥራቸዋል። የግል የዲዛይን ትምህርት ቤቶችም ከጎረቤቶቻቸው ኮሌጆች ጋራ በጽሑፍ ሊዋዋሉ፤ የትኛው ክሬዲት ከዲግሪው እንደሚገባም ተማሪው ገንዘብ ሳይከፍል አስቀድመው ሊነግሩት ይገባል። ተቈጥሮልሃል ተብሎ ለዲግሪው በማይረዳ ስፍራ የሚመዘገብ ክሬዲት ስሙ እንጂ ጥቅሙ የለም።

ተማሪውም የበኩሉ ድርሻ አለው። ሊሄድበት ያሰበውን ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ዓመት ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል፤ የየትምህርቱን ዝርዝርና የእጁን ሥራ ሁሉ ጠብቆ ያኑር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ አስቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ ኋላ ከሚመጣ ጸጸት ያድናል። የሚበልጠው ሸክም ግን ሥልጣኑ ባላቸው ላይ ነው፤ ተማሪ ስለ ተማረው ነገር ሁለት ጊዜ ዋጋ እንዳይከፍል ማድረግ የእነርሱ ግዴታ ነውና።