አዞውም ሮጉም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው

እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የቪዲዮ ጨዋታ በባልዱርስ ጌት 3፣ ሮግ የተባለው የገጸ ባሕርይ ዓይነት ካልተደበቀ ዋጋ የለውም የሚል አስተያየት ታትሞ ወጥቷል። ጸሐፊው የጨዋታውን ሕግ ሳያጣሩ ፈርደዋል። የሮጉ ልዩ ችሎታ የሆነው ድንገተኛ ጥቃት የሚሠራው ዳይስ ሁለቴ ተጥሎ ከፍተኛው የሚያዝበት ብልጫ ሲገኝ ነው፤ ያ ባይኖርም፣ አጥቂው ራሱ የብልጫ ተቃራኒ የሆነው እክል እስከሌለበት ድረስ፣ ከዒላማው በ1.5 ሜትር ውስጥ አንድ ወዳጅ መቆሙ ይበቃል። ጓደኛው ጠላትን ፊት ለፊት ሲገጥምለት ሮጉ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉ እያየው፣ በጩቤ ይወጋል። ደረጃ 11 ላይ ይህ አንድ ምት በጉዳቱ ላይ የ6 ባለ 6 ገጽ ዳይሶች ድምር ይጨምራል። ወሳኙ የተጠቂው ትኩረት መከፈሉ ነው።

በዚያው አስተያየት የጫሞ ሐይቅ አዞ ለመደበቅ ምስክር ሆኖ መቅረቡም አያስኬድም። ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ማድፈጡ እውነት ነው፤ የሚወረወረው ግን የሚያድነው እንስሳ ሊጠጣ አንገቱን ሲደፋ ነው። ከአርባ ምንጭ በጀልባ ወደ አዞ ገበያ የሚሄድ ሰው ያንኑ አዞ ዳር ላይ አፉን ከፍቶ ተጋድሞ ያየዋል፤ አዞው የሚታይ ስለሆነ አደገኛነቱ አልቀረም። በጨዋታው መደበቅ ብልጫ ያስገኛል ቢባል፣ አዎ፣ ያስገኛል፤ ድንገተኛ ጥቃቱ ግን በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ነውና መደበቂያ ጥግ ሲፈለግ ያለፈ ተራ አይመለስም።