መድን አለ፣ መድኃኒት የለም

በማጀቴ፣ በካራቆሬ፣ በአጣዬም ሆነ በሸዋ ሮቢት የጤና መድን ደብተሩን ይዞ የታከመ ሰው አንዲት አጭር መልስ ያውቃል፦ «ከውጭ ግዙ።» ካርድ አውጥቷል፣ ተመርምሯል፣ መድኃኒት ተጽፎለታል። የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ጋ ሲደርስ ግን ወረቀቱ ይመለስለታል። «ከውጭ» ማለት የግል ፋርማሲ ማለት ነው፤ ከኪስ መክፈል ማለት ነው። የዓመቱን መዋጮ ደግሞ ቀድሞ ከፍሏል።

ለሳንባ ምች ወይም ለጨጓራ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። ተበድሮም፣ ዶሮ ሸጦም መድኃኒቱን ይገዛል። ከሳምንት በኋላ ተሽሎት ማሾ ማሳው ውስጥ ይገኛል፤ ነገሩንም ይረሳዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ ወይም ከከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ግን በሚቀጥለው ወርም፣ ከዚያ በኋላ ባለው ወርም፣ ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ እዚያው መስኮት ፊት ይቆማል። የጤና መድን ዋና ፋይዳው ለእንዲህ ያለ ሰው መሆን ነበረበት። አሁን ባለው አሠራር ግን ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እሱ ነው።

መድኃኒት ሁሉ ሲቋረጥ እኩል አይደለም። ፌኖባርቢታልን መመልከት ይበቃል። ለሚጥል በሽታ እንደሚጠቅም የታወቀው በ1912 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው ያስተዋለው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ማንም ፋብሪካ ሊያመርተው የሚችል፣ በዓለም ርካሽ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በአግባቡ ቢታከሙ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ፤ የመድኃኒቱ ወጪም በዓመት እስከ 5 ዶላር ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ መድኃኒት ግን ክፉ ጠባይ አለው። ድንገት ሲቋረጥ በሽተኛው ወደ ድሮው ሁኔታው ብቻ አይመለስም፤ ይብስበታል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያባራ ሌላው ይተካል፣ ሕይወትም ይጠፋል። ሐኪም ራሱ መድኃኒቱን ሊያስቆም ሲፈልግ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። የባዶ መደርደሪያ «ቀስ በቀስ» ግን የለም፤ ትናንት ነበረ፣ ዛሬ አለቀ።

በገጠር ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የይፋት ሰው አይነገረውም። ምድጃ መሬት ላይ ነው፤ ሲጥላት እሳት ውስጥ የወደቀች እናት በየአገሩ አለች። ከብት ሲያጠጣ ወንዝ ዳር የወደቀ እረኛም አለ። ጎረቤት ሮጦ ክብሪት ጭሮ ያሸታል፤ ክብሪት ግን ማንንም አድኖ አያውቅም።

አንድ ነገር መታወስ አለበት። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ፣ የሚጥል በሽታ ካለባቸው የገጠር ሰዎች መካከል እውቅና ያለው መድኃኒት የሚወስዱት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የአእምሮ ጤና ነርሶች ሠልጥነው ከአማኑኤል ሆስፒታል ውጭ ባሉ ከተሞች ተመድበዋል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚጥል በሽታንና የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «ይህ በሽታ መድኃኒት አለው» ሲሉ ኖረዋል። ሕዝቡም ቀስ በቀስ ሰምቷል። ጸበሉንም ዱዓውንም ሳይተው ኪኒኑንም መዋጥ ጀምሯል።

ባዶው መደርደሪያ የሚያፈርሰው ይህንን ነው። ስድስት ወር ሳይጥለው የቆየ ወጣት መድኃኒቱ አልቆ በገበያ መሐል ሲወድቅ የሚያየው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይደመድማል፦ ሐኪም ቤቱ አልቻለውም። መድኃኒት አለመኖሩን ማን ያስረዳል? መጀመሪያውኑ «ይህ የሐኪም ነገር አይደለም» ያለው ጎረቤት ትክክል ሆኖ ይገኛል። አንድ ቤተሰብ እንደዚህ ከተመለሰ ዳግም ለማምጣት ዓመታት ይፈጃል። የከባድ የአእምሮ ሕመምም ነገር ከዚህ አይሻልም። እዚያው ቡታጅራ ለአሥር ዓመት በተደረገ ክትትል፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታይቷል።

ጉዳዩ የድህነት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ አሜሪካ ዞር ብሎ ይመልከት። ኤዲኤችዲ ለሚባለው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር የሚታዘዘው አደራል በጥቅምት 2015 (2022 እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ መጥፋቱን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በይፋ አሳወቀ። ዋነኛ አምራች የሆነው ኩባንያ ምርት ዘገየበት፤ ፈላጊው በዝቷል፤ መንግሥት ደግሞ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚመረት ኮታ ይወስናል። አደራል ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ አንዱ ማዘዣ ሁለት ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ኢንሹራንስ ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ሐኪም ያለው ጎልማሳ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስልክ ሲደውል ወራት ገፋ። ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ዓይነት የለም፤ ያለውን ዓይነት ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ጣጣ በስልክ ለማጀቴ ዘመዱ ቢያወራ፣ ዘመዱ ከአገሩ ስምና ከዋጋው በቀር የማያውቀው ነገር አያገኝበትም። ሁለቱም ተመዝግበዋል፣ ሁለቱም ከፍለዋል፣ ሁለቱም ኪኒኑን አላገኙም።

በነገራችን ላይ፣ ማጀቴ ውስጥ ኤዲኤችዲ ያለበት ጎልማሳ መስኮቱ ጋ እንኳ አይደርስም። በልጅነቱ «ቀዥቃዣ»፣ ሲያድግ «ልበ ቢስ» ወይም «ሥራ ፈት» ይባላል፤ ችግሩ ገና የበሽታ ስም አላገኘም። ዋናው መድኃኒት ሜቲልፌኒዴት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲገባ በ2019ም በ2021ም (እ.ኤ.አ.) ጥያቄ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም።

አደራልና ፌኖባርቢታል ሌላም የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ፌኖባርቢታልም በ1971ዱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተመድቧል፤ ምንም እንኳ ደረጃው ዝቅ ያለ ቢሆን። ቁጥጥሩ ምክንያት አለው። ግን ልብ ማለት የሚገባው፣ በትንሽ ከተማ ያለ የግል ፋርማሲ ትርፉ ጥቂት፣ ወረቀቱ ብዙ፣ ተጠያቂነቱ ከባድ የሆነ ርካሽ ኪኒን ለማስቀመጥ ምን ያነሳሳዋል? ስለዚህ «ከውጭ ግዙ» የሚለው ምክር ራሱ ባዶ ይሆናል። ውጭም ከሌለ ቀጣዩ «ውጭ» ደብረ ብርሃን ነው፣ ወይም አዲስ አበባ። ለአምስት ዶላር መድኃኒት ጣርማ በርን ተሻግሮ መሄድ፤ ከመድኃኒቱ ትራንስፖርቱና አልጋው ይበልጣል።

አሁን ወደ መደርደሪያው ተመለሱና ተመልከቱት። እዚያው ጤና ተቋም ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት አለ። የቲቢም አለ። መንገድ ካልተዘጋ በቀር ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ፋርማሲስቱ አንድ ነው፣ መኪናው አንድ ነው፣ መጋዘኑ አንድ ነው። ልዩነቱ ከገንዘቡ መንገድ ይመጣል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅርቦት አገልግሎት የፕሮግራም መድኃኒት የሚላቸው በመንግሥትና በለጋሾች ገንዘብ ተገዝተው ለጤና ተቋሙ በነፃ ይደርሳሉ። የቀሩት በተዘዋዋሪ ፈንድ የሚሄዱ ናቸው፤ ጤና ተቋሙ ከራሱ ገቢ ከፍሎ ነው የሚያመጣቸው። የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወድቁት እዚህ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የተቋሙ ኃላፊ ምርጫ ይገጥመዋል፦ በየቀኑ መቶ ሰው የሚጠይቀው አሞክሳሲሊን ወይስ በወር አሥር ሰው የሚጠይቀው ካርባማዘፒን? ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ሰልፉ የረዘመውን ይመርጣል።

ገንዘቡ ለምን ያጥራል? እዚህ ላይ ነው መድኑ ራሱ የችግሩ አካል የሚሆነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው። ገበሬው እህሉን ባስገባ ጊዜ ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፣ ሲታመም በእጁ ገንዘብ ባይኖርም ይታከማል፣ የድሃ ድሃ የሆነውን መንግሥት ይከፍልለታል። ጤና ተቋሙ ግን መጀመሪያ አክሞ፣ መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ ከዚያ ነው ሒሳቡን ለመድን ፈንዱ የሚያቀርበው። ክፍያው ሲዘገይ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ወረቀት ላይ ይቀራል። መደርደሪያው ይራቆታል። አባሉ «ከውጭ ግዙ» ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት «ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ጤነኛው ሲወጣ የሚቀረው ሁልጊዜ የሚታመመው ነው፤ ፈንዱም ይበልጥ ይደኸያል።

የመንግሥት ሠራተኛውስ? የማጀቴ አስተማሪ በዚህ መድን ውስጥ የለም፤ መድኑ የተሠራው ለገበሬውና መደበኛ ላልሆነው ሥራ ነው። ለእሱ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢታወጅም፣ ከደመወዝ 3 በመቶ ይቆረጣል ሲባል ተቃውሞ ተነሣና ሥራ ሳይጀምር ስንት ዓመት አለፈ። ደመወዙ የማይበቃው አስተማሪ መቃወሙ አይገርምም። ግን የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት አስተማሪ ዛሬም ሙሉውን ከኪሱ ይከፍላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ አለ። አጣዬ በ2013 ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ወረደ። በነሐሴ 2015 ማጀቴ ራሷ የውጊያ ቦታ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የደብረ ብርሃን–ደሴ መንገድ ስንቴ ተዘግቶ ስንቴ እንደተከፈተ የቆጠረ የለም። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ሽንኩርቱ ይበሰብስበታል፤ ይህን ሁሉም ያወራል። በቤቱ የሰባት ቀን ኪኒን የቀረው ሰው ግን ቀኑን ሲቆጥር ማንም አያየውም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ደግሞ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ አብሮ ወጣ፤ የመድን መዋጮውም ያንን አልጠበቀም።

ሰላም ሳይመጣ ምንም አይደረግም የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ሰበብ ነው። ለኤችአይቪ ታካሚዎች ኢትዮጵያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋውን የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ስትሰጥ ቆይታለች። ለዓመት ሳይጥለው ለኖረ፣ ቤተሰብ ለሚከታተለው ሰው የሦስት ወር ፌኖባርቢታል መስጠት ምን ያግዳል? «ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፣ አላግባብ ይወሰዳል» የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው። ከባድ ሐዘን ያለበት ሰው ቤት ብዙ ኪኒን ማስቀመጥ አደጋ አለው፤ ባለሙያው ይህን አይቶ ይወስን። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሁሉንም በአንድ ላይ መድኃኒት ማስቋረጥ ግን ከዚህ የባሰ አደጋ ነው።

ሁለተኛው የመድኑ ጉዳይ ነው። ውሉ ከሕንፃው ጋር ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር መታሰር አለበት። አባል ሆኖ፣ ማዘዣ ይዞ፣ መስኮቱ ላይ «የለም» የተባለ ሰው ከግል ፋርማሲ በደረሰኝ ቢገዛ ፈንዱ ሊመልስለት ይገባል። ይህ ፈንዱን ያከስራል የሚሉ አሉ። ለሁሉም መድኃኒት ከሆነ እውነት ነው፤ ያከስራል። ለአምስት ስድስት ርካሽ የዘወትር መድኃኒቶች ብቻ ከሆነ ግን በየወረዳው ያሉት ታካሚዎች ቁጥር በመዝገብ የታወቀ ነው፤ ሒሳቡ ከመጀመሩ በፊት ሊሠራ ይችላል። ከዚያም የተሻለው እነዚህን ጥቂት መድኃኒቶች ወደ ፕሮግራም መድኃኒቶች ጎራ አስገብቶ በነፃ ማድረስ ነው። የለጋሽ ገንዘብ ለዘላለም እንደማይኖር በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም ሁሉም አይቷል፤ ለዚህ ግን ለጋሽ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው።

ቀላሉ ሥራ ደግሞ ገንዘብም አይጠይቅም። መዋጮ ሰብሳቢው በየቀበሌው ሲዞር ስንት አባወራ እንደከፈለ ይመዘግባል፤ ያ ቁጥር ለወረዳው፣ ከወረዳው ለዞኑ ይሄዳል፣ በስብሰባም ይጨበጨብለታል። በዚያው ቅጽ ላይ አንድ ረድፍ ይጨመር፦ ባለፈው ዓመት ስንት የአባላት ማዘዣ «ከውጭ ግዙ» ተብሎ ተመለሰ፣ የየትኛው መድኃኒት፣ ለስንት ቀን። መዝገቡ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አለ። የሚቀረው ለመዋጮ የተጠራው ሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።