ቁጭ ብሎ ሥራ ስለ መጠበቅ

በዛሬ ጊዜ ከወጣቶች አፍ የማይለይ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ አያገኝም» የሚለው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ይህን ቃል ከብዙ የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰምቼዋለሁ። ፈጽሞ ሐሰት ቢሆን ኖሮ መልስ አያሻውም ነበር። ዳሩ ግን እኩሌታው እውነት ነው፤ ስለዚህም ከሐሰት ይልቅ ይጐዳል። ሰው በችሎታው ሳይሆን በትውውቅ የሚቀጠርበት ቦታ መኖሩን ማንም አይክድም፤ ይህም ነውር ነው፤ ነውሩም የቀጣሪዎቹ ነው። እኔ የምሟገተው ከዚህ አባባል ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር ነው፤ «ስለዚህ እስኪገኝ ድረስ ቁጭ ልበል» ከሚለው ጋር።

ወጣቶች ሆይ፤ እስኪ ልጠይቃችሁ። ዲግሪውን ተቀብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረ ልጅ በነዚያ ዓመታት ምን ጨመረ? የተማረው ሒሳብ ይጠፋዋል፤ እንግሊዝኛው ይዝጋል፤ አርፍዶ መነሣት ይለምዳል። በመጨረሻም ሥራው ሲገኝ ሠራተኛው ጠፍቶ ይገኛል።

«ታዲያ ምን ልሥራ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ልጅ «የእንጨት ሥራ ተማር፤ ወይም ወፍጮ ቤት ገብተህ ሒሳብ ያዝ» ስለው ፊቱ ይለወጣል። እናቱማ ይብስባታል፤ «ልጄን ለዚህ ነው ያስተማርሁት?» ትለኛለች። እንግዲህ ችግሩ ዘመድ ማጣት ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ንቀትም አለበት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ስለ ሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዘዙ። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ወርዶ በሆዳችን ተቀመጠ እንጂ አልጠፋም። እኔ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከቀትር በኋላ መጋዝና መኰትኰቻ ያስይዘን ነበር፤ ከመካከላችን በዚህ ምክንያት ሰዋስው የጠፋበት አላየሁም።

መጠበቅ ራሱ ክፉ ነው አላልሁም። ሰው ወደደም ጠላም የሚጠብቀው ነገር አለ። ነገር ግን ከኦነሲሞስ ነሲብ የበለጠ የጠበቀ ማን ነው? በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ፣ በምጽዋ ነፃ የወጣ፣ ከስዊድን ሚሲዮን ዘንድ የተማረ ሰው ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በ1881 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ወደ ወገኖቹ ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ተነሣ። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋበት። ሁለተኛ በሸዋ በኩል ሞከረ፤ እንጦጦ ድረስ ደርሶ እንዲመለስ ተደረገ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው! መንገዱን የዘጋበትም ነገር ሁሉ ከኃይሉ በላይ ነበር። ዳሩ ግን በነዚያ ዓመታት በምጽዋ አጠገብ ተቀምጦ ይተረጕም ነበር። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ ከባርነት የወጣች ሴት ነበረች፤ በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ የሁለቱ ሥራ ነው። ስለ እርስዋ ለልጃገረዶቻችን ብዙ አለመነገሩ ያሳዝነኛል። በሩ በተከፈተ ጊዜ ኦነሲሞስ ባዶ እጁን አልገባም።

«ያ ዘመን ሌላ ነው፤ ዛሬ ኑሮው ተወድዷል» የሚለኝ አለ። አዎን፣ ተወድዷል፤ የምናገረውም ስለዚሁ ነው። የትልቁ ልጅ ቁጭ ማለት ዛሬ የታናናሾቹን ደብተርና እንጀራ ይበላል። ለትልቅ ነገር የሚሆን ገንዘብ የላችሁ እንደ ሆነ የሰፈራችሁን ሕፃናት አስጠኑ፤ የሚከፈላችሁ ጥቂት ቢሆንም ትምህርታችሁ አይዝግባችሁም። ከዚያችውም ቆጥባችሁ ዕቁብ ጣሉ፤ ሲደርሳችሁም የሥራ መሣሪያ ግዙበት እንጂ ጫማ አትግዙበት። ማስታወቂያም አንብቡ፤ ማመልከቻም ጻፉ፤ አልከለከልሁም። ይህን ግን ማታ ከሥራ ስትመለሱ አድርጉት።