«አይሰማም» ከማለታችን በፊት

የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ አቦቦ ላይ ሲሠራ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ ነበር። ውኃው ተጠራቀመ፤ ማሳ ላይ የሚያደርሰው ቦይ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይሟላ ቀረ። ያደግሁት እዚያው አካባቢ ነው፤ ቤተሰቦቼ በ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ስለ ልጆቻችን ጆሮ ልጽፍላችሁ ስነሣ ያ ግድብ ፊቴ ድቅን አለ። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ፣ ድምፁም ገብቶለት፣ ወደ አእምሮ ሲያልፍ ግን ቃሉ የሚበተንበት ሰው አለ። ባለሙያዎቹ ችግሩን «ኦዲተሪ ፕሮሰሲንግ ዲስኦርደር» ይሉታል።

አማርኛችን በጆሮ ማድመጥን፣ መረዳትንና መታዘዝን «ሰማ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል። ስለዚህ «ይህ ልጅ አይሰማም» ስንል ብዙ ጊዜ መፍረዳችን ነው። ከአኙዋክ፣ ከኑዌርና ከእኛ ከደገኞቹ ልጆች ጋር በተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ወይም ልጆች ሲንጫጩ፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልስና ይገረፋል። ማንጎ ዛፍ ሥር ለብቻው ያንኑ ትምህርት ስነግረው ግን አንድም አያመልጠውም። ምን እንደነበረበት ዛሬ ልፈርድ አልችልም። ምርመራ እንጂ አርጩሜ እንደማይገባው ግን አውቃለሁ።

ምርመራው የሚጀምረው ከተለመደው የመስማት ፈተና ነው፤ በጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ካለም መጀመሪያ እሱ ይታከማል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ «ጢጥ» የሚለውን ድምፅ መስማት ብቻውን ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። በ1954 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ሐኪሞች ይህንኑ አሳይተዋል፤ አእምሯቸው ላይ ዕጢ የነበረባቸው ሕሙማን የተለመደውን ፈተና ሲያልፉ፣ የተዛባ ንግግር መለየት ግን አቅቷቸው ነበር። ዛሬ የመስማት ባለሙያው (ኦዲዮሎጂስቱ) በሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ጊዜ የተለያዩ ቃላት ያሰማል፤ በጫጫታ መካከል ንግግር ያስደምጣል፤ በድምፅ መሐል ያለች ቅጽበታዊ ዝምታ ተመርማሪው ይለያት እንደሆነ ያያል። ውጤቱ ይበልጥ የሚታመነው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ነው። ትኩረት ማጣትና የቋንቋ እድገት ችግር በጣም ስለሚመስሉት፣ የንግግር ባለሙያና የሥነ ልቦና ባለሙያም አብረው ቢያዩት ይሻላል። ችግሩ ራሱን ችሎ የቆመ ነው ወይስ የሌሎቹ ገጽታ በሚለው ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም።

እኛን የሚነካን እዚህ ላይ ነው። በምትኖሩበት አገር ያሉት ፈተናዎች በአብዛኛው የተሠሩት በእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ሚኒሶታ ያለ የአኙዋክ ልጅ፣ ኦማሃ ያለ የኑዌር ልጅ፣ ቤቱ አማርኛ የሚነገርበት የኛም ልጅ ቢወድቅ፣ ጆሮው ነው ቋንቋው? ስለዚህ እናንተው ቤት ውስጥ አስተውሉ። «አለ» ጠብቆ ሲነገር «ይገኛል»፣ ላልቶ ሲነገር «ተናገረ» ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ ልጁ ይለያቸዋል? በአኙዋክኛም የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ይለውጣል። ልጁ በቤት ቋንቋው ደህና ሆኖ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተቸገረ፣ ጉዳዩ ቋንቋውን ገና አለመልመድ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ከተቸገረ ግን አትዘግዩ። ይህ የቤት ውስጥ ምልከታ ምርመራን አይተካም፤ ለመርማሪው የምትነግሩት ነገር ግን ይሆናችኋል። «ግራ እንዳይገባው» ብላችሁ የቤት ቋንቋውን አታስጥሉት፤ ችግሩን ያመጣው እሱ አይደለም።

አዋቂም ከዚህ አያመልጥም። ስትሮክ ወይም ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት ሊያመጣው ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋም በጫጫታ መሐል ንግግር መለየት ይከብዳል። ሰርግ ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡትን አባት «አኩርፈው ነው» አትበሏቸው።

እርዳታው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፦ ፊት ወንበር፣ አጭር ትእዛዝ፣ የመምህሩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ልጁ ጆሮ የሚያደርስ ማይክሮፎን። አሜሪካ ያላችሁ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለልዩ ትምህርት ልጁን ያለ ክፍያ እንዲመረምረው በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለስብሰባውም አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ። ደብዳቤው ላይ ቀን አኑሩ፣ ቅጂውን አስቀሩ። ልጁ ከእናንተ ጋር በምን ቋንቋ እንደሚያወራ፣ ከአያቱ ጋር ደግሞ በምን እንደሆነም አንድ መስመር ጨምሩበት።